በልብስ ሥር ስለሚያዝ አነስተኛ ሽጉጥ አመራረጥ

ሽጉጥ የሚለው ስም የወጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ጎራዴ በወገብ ይታጠቃል፤ ሽጉጥ ግን በልብስ ሥር ወይም በኪስ ውስጥ ይሸጎጣል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከአተኳኰሱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው ማለት ነው። ዛሬ የውጭ አገር ፋብሪካዎች ለዘወትር መያዣ የሚሆን እያሉ የሚሸጡት አነስተኛው ሽጉጥ ከዚህ ስም ጋር እጅግ የተስማማ ነው። ዳሩ ግን ተሸጉጦ የሚውለው መሣሪያ ከጠላት ይልቅ ባለቤቱን ወይም ቤተ ሰቡን የጐዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አመራረጡንና አያያዙን በሚገባ መማር ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉን ማስታወስ ይገባል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ማናቸውም ሰው በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው አካል ፈቃድ ሳያገኝ ሽጉጥ ሊይዝ፣ ሊገዛ፣ ሊሸጥ ወይም ከቦታ ወደ ቦታ ሊያዘዋውር አይችልም። ስለዚህ በዚህ አገር ሱቅ ገብቶ ይህን ስጠኝ፣ ያንን አሳየኝ የሚባልበት ጉዳይ ለብዙው ሰው አይነሣም። ምርጫው በሰፊው የሚገኘው በአሜሪካ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ከተማ ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይኖራሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሱቅ ከፍተው የሚያመሹ፣ የቀኑን ገቢ ይዘው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አሉ። እነርሱ ሽጉጥ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ብለው ሲያስቡ ጉዳዩ እዚህ ያለውንም ዘመድ ያሳስበዋል። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት በዚያ አገር ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዓመቶቹም ከአዋጁ ቁጥር በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አነስተኛ ሽጉጥ አዲስ ነገር አይደለም። በፊላደልፊያ ከተማ ሄንሪ ዴሪንጀር የሚባል የጦር መሣሪያ ሠሪ በመዳፍ የሚሸፈን፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሽጉጥ በመሥራት የታወቀ ነበር፤ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በኤፕሪል 14 ቀን 1865 የተመቱት በዚህ ዐይነት መሣሪያ ነው። በራሱ እየጎረሰ የሚተኩሰውን ጠፍጣፋ የኪስ ሽጉጥ በዓለም ያስፋፋው ግን የዩታ ስቴት ተወላጅ የሆነው ጆን ብራውኒንግ ነው። በቤልጅግ አገር በሄርስታል ያለው ኤፍ ኤን የተባለው ፋብሪካ በዚህ ሰው ፈጠራ መሠረት በ1900 ባለ 7.65 ሚሊሜትር ሽጉጥ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም በሰደርያ ኪስ የሚገባውን ባለ 6.35 ሚሊሜትር ሽጉጥ አወጣ። በ1914 በሳራየቮ ከተማ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደሉትም ይኸው ፋብሪካ በሠራው የብራውኒንግ ሽጉጥ ነበር። ፈረንሳዮችና ሩሶች ብራውኒንግ የሚለውን ስም ለማናቸውም የኪስ ሽጉጥ መጠሪያ እስኪያደርጉት ድረስ መሣሪያው ተስፋፋ።

በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ሽማግሌዎች ይበልጥ የሚያስታውሱት የኢጣልያ መኰንኖች ይታጠቁት የነበረውን የ1934ቱን ቤሬታ ነው። ያ ቤሬታ 15 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት፣ 660 ግራም ያህል ክብደት አለው፤ 9 ሚሊሜትር ኮርቶ የሚባለውንም አጭር ጥይት 7 ይጎርሳል። ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፒ 365 የተባለው ሽጉጥ ከዚህ ቤሬታ ጥቂት አጥሮ፣ ወደ 500 ግራም ዝቅ ብሎ፣ ከኮርቶው የበረታውን የ9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ጥይት 10 ይጎርሳል። በመካከሉ ባለፉት ሰማንያ አራት ዓመታት ብረቱ ጠንክሯል፣ እጀታው ፕላስቲክ ሆኗል፣ ጥይቶቹም በካዝናው ውስጥ በቀጭኑ ተደራርበው የሚቀመጡበት ጥበብ ተገኝቷል። በ1988 የወጣው ግሎክ 19 ደግሞ 18.5 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት 15 ጥይት ይጎርሳል፤ ይህም በትልቁና በትንሹ መካከል ያለ መጠን በመሆኑ ብዙ ፖሊሶች መርጠውታል። ከሁሉ ያነሱት፣ ለምሳሌ በ2008 የወጣው ሩገር ኤል ሲ ፒ፣ ጥይት ሳይጎርሱ 270 ግራም እንኳ አይሞሉም።

ገዢ ሁሉ በመጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ትንሿን ሽጉጥ በመዳፉ ላይ ሲያኖርለት፣ ቀላል ናት፣ በኪስም አትታወቅም ብሎ ደስ ይለዋል። ለመሸሸግ የምትመቸው ሽጉጥ ግን ለመተኰስ የማትመች ናት፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ይህንንም ርግጫ እንለዋለን። ጥይቱ አንድ ዐይነት ሆኖ የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ቢቀንስ የርግጫው ኀይል እጥፍ ይሆናል። የእጀታውም ማጠር ሌላ ችግር ያመጣል፤ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ በአየር ላይ ስለምትቀር ሽጉጡ በእያንዳንዱ ተኵስ በእጅ ውስጥ ይዞራል። ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ባጠረና በቀለለ መጠን ደግሞ የሚመልሰው ሞላ እንዲጠነክር ግድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ ማቀባበል ከትልቁ ይልቅ ጉልበት ይፈልጋል። እጃቸው የደከመ ሽማግሌዎችና ሴቶች አነስተኛው ይበጃቸዋል እየተባለ ዘወትር የሚመከረው ምክር ስለዚህ የተገለበጠ ምክር ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 ሺልድ ኢዚ የሚባለውን፣ ሞላው የላላና በቀላሉ የሚቀባበለውን ሽጉጥ አውጥቷል፤ መጠኑ ግን ከትንንሾቹ ከፍ ያለ ነው።

ማነጣጠሪያውም እንዲሁ ነው። ሽጉጥ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲሜትር ቢሆንና እጅ ተንቀጥቅጦ የፊተኛው 1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ 10 ሜትር ርቆ ባለው ዒላማ ላይ ጥይቱ 10 ሴንቲሜትር ይስታል። ርቀቱ 16 ሴንቲሜትር ቢሆን ግን ያው የ1 ሚሊሜትር ስሕተት ከ6 ሴንቲሜትር ብዙ አያልፍም። ሰው በድንጋጤ ጊዜ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ የታወቀ ነው፤ የሳተውም ጥይት አየር ላይ አይቀርም። ከዒላማው ኋላ ያለውን የጎረቤት ግድግዳ፣ የቆመውን መኪና፣ የሚያልፈውን መንገደኛ ያገኛል፤ ለዚያም በሕግ የሚጠየቀው ተኳሹ ነው።

ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኞች የሚሰጡት ምክር፣ አንድ ሰው በልብሱ ሥር ሊሸሽገው ከሚችለው ሁሉ ትልቁን ይምረጥ የሚል ነው። ሙሉ ኮት የሚለብስ ሰው የግሎክ 19ን መጠን ያለ ችግር ሊሸፍን ይችላል፤ በሸሚዝ ብቻ የሚውል ሰው ግን ወደ ፒ 365 ዝቅ ይላል። በኪስ የምትገባው እጅግ ትንሿ ሽጉጥ ብዙ ለተለማመደ ሰው ሁለተኛ መሣሪያ ትሆናለች እንጂ ለጀማሪ አትሆንም። ክብደትን በሚመለከት የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ሽጉጡን የሚሸከመው ወገብ ሳይሆን ቀበቶ ነው። ቀጭንና ልፍስፍስ በሆነ ቀበቶ የታሰረ 500 ግራም፣ በጠንካራ ቀበቶ ከታሰረ 800 ግራም ይልቅ ያደክማል። ብዙ ሰዎች ሽጉጡ ከበደን ብለው ሲለውጡ መለወጥ የነበረበት ቀበቶው ነው።

የእጅ ልክም እንደ ጫማ ልክ ነው፤ በሰው እግር አይለካም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እጀታው በመዳፍ ውስጥ ሲያዝ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር በአንድ መሥመር መሆን አለበት፤ አመልካች ጣትም ምላጩን በጫፉ ሥጋ እንጂ በአንጓው ወይም በጥፍሩ ጠርዝ መንካት የለበትም። ጣቱ ካልደረሰ ሽጉጡ ሰፍቶታል፤ አልፎ ከተጠማዘዘ ጠብቦታል። ይህ በመደርደሪያ ፊት ቆሞ በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ሆኖ ሳለ ሰው ዘመዱ የያዘውን ዐይነት ገዝቶ ይወጣል። በአሜሪካ ብዙ የዒላማ መለማመጃ ቤቶች ሽጉጥ በሰዓት ያከራያሉ፤ ሦስት ወይም አራት ዐይነት ተከራይቶ ሳይተኩስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በዕድል ላይ ይጥላል።

ጥይትን በሚመለከት ብዙ ክርክር አለ፤ በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ1986 በማያሚ ከተማ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉበት ግጭት በኋላ ወደ ትላልቅ ጥይቶች ሄዶ ነበር፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን የጥይት አሠራር ስለ ተሻሻለ፣ ርግጫውም ስለሚቀል ወደ 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ተመልሷል። ይህ ለአብዛኛው ሰው ክርክሩን ይዘጋዋል። ሊዘነጋ የማይገባው የስም መመሳሰል ነው። ኢጣልያኖች ኮርቶ፣ ጀርመኖች ኩርዝ፣ አሜሪካኖች ሦስት መቶ ሰማንያ የሚሉት ጥይት አንድ ነው፤ የቀለሁ ርዝመት 17 ሚሊሜትር ነው። የፓራቤለም ቀለህ 19 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሶቪየት ኅብረት በ1951 ሥራ ላይ የዋለውና በኢትዮጵያም እጅግ የታወቀው ማካሮቭ የሚተኩሰው 18 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱም በአፍ ሲጠሩ ዘጠኝ ሚሊሜትር ይባላሉ፤ አንዱ በሌላው ምትክ ግን አይተኰስም። በአፈሙዙ አጠገብ የተቀረጸውንና በጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈውን ሳያመሳክር የሚያጎርስ ሰው ሽጉጡ እንዲቀረቀር፣ ከዚያም ሲብስ በእጁ ላይ እንዲፈነዳ ያደርጋል።

ሪቮልቨር የሚባለው፣ ጥይት የጎረሰው ክብ ቋት የሚዞርለት ሽጉጥ ዛሬም ወዳጅ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ያወጣው ባለ 5 ጥይት ቺፍስ ስፔሻል የዚህ ወገን አባት ነው። የሚቀባበል ነገር የለውም፤ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩ ዳግመኛ ሲሳብ ቀጣዩ ይመጣል፤ በኪስ ውስጥም የአቧራና የክር ብናኝ እንደ ሌላው አያስቸግረውም። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ሪቮልቨር ይሻላል ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ምላጩ ረዥምና ከባድ ስለሆነ ጀማሪ ሲስበው አፈሙዙ ይንጋደዳል፤ ቀላል ሆኖ የተሠራው ደግሞ ርግጫው እጅ ያቆስላል። የሚበጀው ምላጩን በትዕግሥት ለተለማመደ ሰው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም ጥይት እንዳይባርቅ መጠበቅ ነው። ጥንታውያን የኪስ ሽጉጦች ብዙዎቹ ጥይት በአፈሙዛቸው እንደ ጎረሱ መሬት ላይ ቢወድቁ ሊባርቁ ይችላሉ፤ ከአያት የተወረሰ ሽጉጥ ያለው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በዘመናችን ከሚሠሩት አብዛኞቹ በውስጣቸው መርፌውን የሚያግድ ብረት ስላላቸው ምላጭ ካልተሳበ በመውደቅ ብቻ እንዳይባርቁ ሆነው ተሠርተዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ፣ ግሎክን ጨምሮ፣ በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የላቸውም። ምላጩን የሳበው ጣት ይሁን፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ ይሁን፣ የጃኬት ገመድ ይሁን ሽጉጡ አይለይም። በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሰውዬው ልምምድ ነው። ሴፍቲውን መክፈት በድንጋጤ ጊዜ የሚረሳ ሰው አለ፤ ሴፍቲ አለው ብሎ በምላጩ የሚጫወትም አለ። ሁለተኛው የባሰ ነው።

ስለዚህ አፎቱ ከሽጉጡ እኩል መመረጥ አለበት፤ ብዙ ሰው ግን ለሽጉጡ አምስት መቶ ዶላር ከፍሎ ለአፎቱ አሥር ዶላር ሲሳሳ ይታያል። ጥሩ አፎት ምላጩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ፈጽሞ የሚሸፍን፣ ከውጭ ሲጫኑት የማይታጠፍ፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ነው። አፉ የሚጨማደድ የጨርቅ ወይም ያረጀ የቆዳ አፎት ሽጉጡ ሲመለስ ጫፉ ወደ ምላጩ ቀለበት ገብቶ ሊያስባርቅ ይችላል። በኪስ የሚያዝም ቢሆን የኪስ አፎት ያስፈልገዋል፤ በዚያም ኪስ ሌላ ነገር፣ ቁልፍም ሳንቲምም፣ መግባት የለበትም።

አፎት የሌለው ሽጉጥ የሚያመጣውን መከራ ያሳየ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ፕላክሲኮ በረስ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ስመ ጥሩ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በ2008 መጀመሪያ ቡድኑ የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ ሲያገኝ የማሸነፊያውን ኳስ የያዘው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር መጨረሻ አንድ ሌሊት በኒው ዮርክ ከተማ ወደ አንድ የምሽት ክበብ ሲሄድ ግሎክ ሽጉጡን ያለ አፎት በሱሪው ወገብ ላይ ሸጉጦ ነበር። ሽጉጡ በሱሪው ውስጥ ወደ ታች ሲንሸራተት ሊይዘው ቢሞክር ባርቆ ጭኑን መታው። ቁስሉ ዳነ፤ ሕጉ ግን አልማረውም። ሽጉጡን ለመያዝ የነበረው ፈቃድ የፍሎሪዳ ስቴት ሲሆን ጊዜውም አልፎ ነበር፤ በኒው ዮርክ ግን ምንም ፈቃድ አልነበረውም። በ2009 ጥፋተኛነቱን አምኖ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ገንዘብም ዝናም ጠበቃም ያልጎደለው ሰው በሃያ ዶላር አፎትና በአንድ ወረቀት ምክንያት ወኅኒ ገባ።

በዚህ ጉዳይ የወረቀቱ ነገር ከአፎቱ ያላነሰ ትምህርት አለው። በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ እንደ ስቴቱ ይለያያል። የላይኛው ፍርድ ቤት በጁን 2022 ብሩን በተባለው ክርክር በሰጠው ፍርድ ስቴቶች ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው የተለየ ምክንያት አምጣ እያሉ መከልከል እንደማይችሉ ወስኗል፤ ከሃያ አምስት የሚበልጡ ስቴቶችም ያለ ፈቃድ መሸጎጥን ፈቅደዋል። ይህን የሰማ ሰው በሁሉም ስፍራ ተፈቅዷል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ስሕተት ነው። እስከ 2025 በነበረው ሕግ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ወይም ሜሪላንድ ከገባ ፈቃዱ አይሠራለትም፤ ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ታክሲ ነጂ በአንድ ሌሊት ይህን ወሰን አሥር ጊዜ ሊሻገር ይችላል። በሜሪላንድ ፈቃድ ለማግኘት የ16 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። በቨርጂኒያም ቢሆን ሽጉጥ ሸጉጦ በምግብ ቤት ወይም በክበብ ውስጥ መጠጥ መጠጣት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሰርግም ይሁን የክርስትና ግብዣ፣ መጠጥ የሚቀምስ ሰው ሽጉጡን ቤቱ ቈልፎ መሄድ አለበት።

ለተወላጆቻችን ይበልጥ የሚያስፈሩ ሦስት ነጥቦች አሉ። በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራሉ ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሽጉጥ ሊይዝ አይችልም፤ ያለ ፈቃድ የሚኖርም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊገዛ ይችላል፤ ነገር ግን ዜጋ ስላልሆነ በጦር መሣሪያ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆንበታል። ለዜጋው መቀጮ ወይም አጭር እስራት የሆነው ጥፋት ለእርሱ የቤቱ መፍረስ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ለዘመድ ብሎ በራስ ስም መግዛት ነው። በዚህ ረገድ የላይኛው ፍርድ ቤት በጁን 2014 በአብራምስኪ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ሊታወቅ ይገባል። ቀድሞ ፖሊስ የነበረ ሰው የፖሊስ ቅናሽ ስለሚያገኝ ለአጎቱ ግሎክ 19 ገዛ፤ አጎትዮውም ሽጉጥ መያዝ ያልተከለከለ ሰው ነበር። ሆኖም በመግዣው ቅጽ ላይ እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ ብሎ ስለ ፈረመ ጥፋተኛ መባሉ ጸና። በአገራችን ልማድ ለአጎት ውለታ መዋል ምስጉን ነው፤ በዚያ ቅጽ ላይ ግን ወንጀል ነው።

የአውሮፕላን ማረፊያም ብዙዎችን ያዋርዳል። የአሜሪካ የመጓጓዣ ጸጥታ መሥሪያ ቤት በ2023 ዓመት በመንገደኞች የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከ6,700 በላይ ሽጉጦችና ጠመንጃዎች ይዟል፤ ከነዚህም አብዛኞቹ ጥይት የጎረሱ ነበሩ። የተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ረሳሁት ነው የሚሉት፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ዘወትር በአንድ ቦርሳ ውስጥ የሚኖር ሽጉጥ ይረሳል። በቦርሳ መያዝ የሚጠላበት ሌላው ምክንያት ከዚህም የከፋ ነው፤ ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይሰረቃል፣ ሕፃናትም ይከፍቱታል። በ2014 መጨረሻ በአይዳሆ ስቴት በአንድ መደብር ውስጥ የ2 ዓመት ሕፃን ከእናቱ ቦርሳ ሽጉጥ አግኝቶ እናቱን ገድሏል። ሴቲቱ ፈቃድ ያላት፣ አያያዙንም የተማረች ነበረች።

በቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር በግልጽ መነገር ያለበት አለ። በአሜሪካ በ2021 በጦር መሣሪያ የሞቱት ሰዎች 48,830 ሲሆኑ ከነዚህ 26,328 የሞቱት ራሳቸውን ገድለው ነው። ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የሚያስበው በር ስለሚሰብር ሌባ ነው፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው ግን ከሌባው ይልቅ በቤት ውስጥ ያለውን ኀዘንተኛ፣ ሥራ ያጣ ወንድም፣ በስደት ብቸኝነት የተጨነቀ ልጅ መፍራት እንደሚገባ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤት ካለ ሽጉጡን ጨርሶ አለመግዛት፣ የተገዛም ቢሆን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ብልኅነት ነው፤ የክፉ ሐሳብ ሰዓት ብዙ ጊዜ አላፊ ነውና መሣሪያው በእጅ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ይህን ለዘመድ መንገር የሚያሳፍር መስሎ ስለሚታይ ሁሉም ዝም ይላል።

ከባሕል መሳቢያ በላይ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጫፍ ማስቀመጥ መደበቅ እንጂ መቈለፍ አይደለም፤ ልጆች የቤታቸውን ምስጢር ከወላጆቻቸው ይበልጥ ያውቃሉ። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት፣ ከአልጋ ወይም ከግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል፤ ሽጉጥ ሲገዛ ዋጋው አብሮ መታሰብ አለበት። ጄፍ ኩፐር የተባለው የሽጉጥ አሠልጣኝ ያስፋፋቸው አራት ሕጎችም በሁሉም ስፍራ ይሠራሉ፤ ሽጉጥ ሁሉ ጥይት እንደ ጎረሰ ይቈጠር፤ አፈሙዙ ሊገድሉት ወደማይፈልጉት ነገር አይዙር፤ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ሳይውል ጣት ወደ ምላጭ አይግባ፤ ዒላማውና ከዒላማው ኋላ ያለው በውል ይታወቅ። በባረቀ ጥይት ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ የሚበልጡት በአንድ ጊዜ ሲጣሱ ነው፤ ስለዚህ አራቱም ሁልጊዜ ይጠበቁ።

የተገዛው ሽጉጥ ከመታመኑ በፊት መፈተን አለበት። ካዝናዎቹ ሁሉ በየተራ ገብተው፣ ለዘወትር በሚያዘው ዐይነት ጥይትም ጭምር፣ ሁለት መቶ ያህል ጥይት ሳይቀረቀር መተኰሱ ቢታይ መልካም ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶውን ሽጉጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ወደ ጠንካራ ግንብ አዙሮ ምላጭ መሳብ መለማመድ ዋጋ የማይጠይቅ ትምህርት ነው። በልብስ ሥር የዋለ ሽጉጥ ላብና ብናኝ ስለሚይዝ በየሁለት ሳምንቱ መጥረግ ያስፈልጋል።

ማታ ቤት ሲገባ ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ ማጉረስና ማራገፍ ሳይሆን ከነአፎቱ ከቀበቶ ፈትቶ ወደ ብረት ሣጥኑ ማግባት ይሻላል፤ ጥይት የሚባርቀው አብዛኛውን ጊዜ በማጉረስና በማራገፍ ላይ ነውና። ለማራገፍ ግድ ከሆነም ያንኑ አንድ ጥይት ዕለት ዕለት ወደ አፈሙዝ መመለስ አይገባም። በየጊዜው ሲቀባበል የእርሳሱ ጫፍ ወደ ቀለሁ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ስለሚበዛ ሽጉጡን ሊሰብር ይችላል። እንዲህ ያለው ጥይት ከአዲስ ጥይት ጎን ሲቆም አጥሮ ይታያል፤ ካጠረ መተኰስ የለበትም።